ልጄ የት ሄዳ መብረር ትማር?

ጎንደር ውስጥ ጥርሴን አመመኝ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው አትበሉ። አንዱ ቅርንፉድ ንከስበት ይላችኋል። ሁለተኛው ቅርንፉድማ ያባብሰዋል ይላል። ሦስተኛው አፋችሁን አስከፍቶ የታመመውን ጥርስ በጣቱ መፈለግ ይጀምራል። መካር የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል። እሺ፣ እውነት ነው። መካር የበዛበትስ ንጉሥ? እሱ ስንት ወር እንደሚነግሥ የነገረን የለም።

ተናድጃለሁ። ከመነሻው ልናገር፣ ኋላ ምነው ፊቱ ጠቆረ እንዳትሉኝ። ነገሩ ካለፈ ከርሟል፤ ንዴቱ ግን ትናንት የተቀጣጠለ ነው የሚመስለው።

ልጄ ብሩክታዊት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ሙያዋ ቅየሳ ነው። መሬት ትለካለች፣ ካርታ ትሠራለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ እኔንና እናቷን እያየች፣ ውጭ አገር ሄጄ የግል አብራሪነት ፈቃድ ላወጣ ነው አለችን። ምንድነው እሱ አልናት። እንደ መንጃ ፈቃድ ነው፣ መኪናው ግን ትንሽ አውሮፕላን ነው አለች። እናቷ ማን ይቀጥርሻል ብላ ጠየቀች። ማንም። ማንን ትጭኛለሽ? ማንንም። ታዲያ ምን ያደርግልሻል? ልጄ እንጀራውን ትታ ቀና አለች። የስሜንን ገደል ሁሉ በወረቀት ላይ ስሥል ኖርኩ፣ አንድ ቀን በገዛ እጄ እየነዳሁ ከላይ ላየው እፈልጋለሁ አለች።

ይኼው ነው ምክንያቷ። ለኔ በቂ ነበር። በዚያ ምሳ ላይ እንደኔ የኮራ አባት አልነበረም፤ ይህንን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስት ትምህርት ቤቶች ተቀብለዋታል። አንዱ ግሪክ ነው፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ ከባሕሩ ጠረፍ ላይ፣ አንዱ ኬንያ ናይሮቢ። ዩኒቨርሲቲው ስድስት ወር ከሥራ ነፃ ሊያደርጋት ተስማምቷል፤ ሁለተኛ ግን አይደገምም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በሚውለው ሰኞ ለአንዳቸው መጣሁ ካላለች ቦታዋን ለሌላ ይሰጣሉ፣ ስድስት ወሩም ውሃ በላው ማለት ነው። እሷ ደብተር ይዛ ጥያቄ ስትጽፍ ሰነበተች። በወር ውስጥ ስንት ቀን ሰማዩ ለመብረር ይመቻል? አንድ አውሮፕላን ለስንት ተማሪ ነው? የዚያ አገር ፈቃድ እዚህ ስትመለስ ይሠራል ወይ? ሸጋ ሸጋ ጥያቄ። በዚሁ ብንተዋት በሦስት ቀን ትጨርሰው ነበር።

እኔ ግን አፌ አላርፍ አለና ለመሪጌታ ነገርኩት።

መሪጌታ ልሳነወርቅ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፣ ድጓ ያስተምራል። እኛ ቤት ከሠርግ ቀን ጀምሮ እስከ ሶፋ ጨርቅ ድረስ እሱ ሳይሰማ የሚሆን ነገር የለም። ሰማና፣ እንዲህ ያለ ነገርማ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚመከረው አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ሞላ። ከተሰበሰበው መሐል ትንሽ አውሮፕላን በቅርብ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏችኋል ይኼ ነው።

የባለቤቴ እህት ቀደመች። ደቡብ አፍሪካ ነው የሚሻላት አለች፤ የእንፍራንዙ ዘመዳችን ልጅ እዚያ ሱቅ አለው፣ እሱ ጋ ታርፋለች፣ እየተመላለሰች ትማራለች። ብሩክታዊት በትሕትና፣ እትዬ፣ ከሱቁ እስከ ትምህርት ቤቱ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው አለቻት። እና በጠዋት ተነሺያ! አለቻት። አሁን እንዲህ ላለ ሰው ምን ይመለስለታል?

ጎረቤታችን የዕድሩ ሰብሳቢ ኬንያን ገና ስሟ ሲነሳ በእጁ ገፋት። ኬንያማ ምኑ ውጭ አገር ነው፣ በአውቶብስ የሚደረስበት? ልጃችን ውጭ ሄደች ብለን ስናወራ ራቅ ያለ ይሁን እንጂ አለ። ይህንን ሲል አልሳቀም። ሌሎቹም አልሳቁም። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ።

መሪጌታ ግሪክን መረጠ። ኦርቶዶክስ አገር ነው፣ ጾም አለ፣ ቅዳሴ አለ፣ ልጅቱ ከሥርዓቷ አትወጣም አለ። እፎይ፣ አለቀ ስል አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ቄስ ጉሮሮውን ጠረገ። በኬልቄዶን የተለዩን እነሱ አይደሉም ወይ? ሁለት ባሕርይ የሚሉት? አለና ነገሩን ለኮሰው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተዉት። የጎንደር ሰው በባሕርይ ጉዳይ መከራከር ከጀመረ ውሃም አያቆመው። በነገሥታቱ ግቢ በቀጠሮ ያደረ ክርክር ሁሉ እኛ ሳሎን ተነስቶ ቆመ። ግእዙ ወረደ፣ ጥቅሱ ዘነበ። ልጄ በመሐል እጇን አውጥታ፣ አውሮፕላኑ ባለ አንድ ሞተር ነው፣ ብታውቁት ብዬ ነው አለች። የሰማት የለም።

ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለ ጉባኤ እኔንም አንድ ጊዜ ቀምቶኛልና። እኔ በልጅነቴ የደን ትምህርት መማር ነበር የምፈልገው። ዛፍ እወድ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ መከረልኝ፤ ዛፍ ጠባቂ ሚስት አያገኝም፣ ጫካ ውስጥ ብርድ ይገለዋል ተባለ። አንድ አጎቴ፣ ራጅ ማንሳት ይማር፣ ሥራው ቤት ውስጥ ነው፣ ዝናብ አይነካውም አለ። በቃ። ይኼው ስንት ዓመቴ፣ ሆስፒታል ጨለማ ክፍል ውስጥ የሰው ጎድን አጥንት እቆጥራለሁ። ዝናቡማ እውነትም አልነካኝም።

ስለዚህ ያን ቀን ተነስቼ ተናገርኩ። የምትበረው እሷ ናት፣ ለሷ ተዉላት አልኩ። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ልጄ በዓይኗ አመሰገነችኝ። ይህንንም ያዙልኝ።

መሪጌታ አልተቆጣም። እንግዲያው እኛም አንፈርድም፣ እግዚአብሔር ይፍረድ አለ። ማትያስስ ከሐዋርያት የተቆጠረው በዕጣ አይደለም ወይ? ዕጣ ይጣል። ይኼ ደግሞ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ የማኅበሩን ድግስ ተራ ሳይቀር በዕጣ ነው የምንለየው። ሦስቱ አገሮች በሦስት ወረቀት ተጽፈው፣ ተጠቅልለው፣ የስኳር ጣሳ ውስጥ ገቡ። ጣሳው ሳሎናችን ካለችው ሥዕለ ማርያም ሥር ተቀመጠ። በጸሎት ሰንብተን በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይወጣል ተባለ። በማግስቱ ሰኞ የመልሱ የመጨረሻ ቀን መሆኑ ትዝ ያለው ሰው የለም። ብሩክታዊት ግን እሺ አለች። ምን ታድርግ? ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እሺ ስትል ነው ያደገችው።

በዚያው ሳምንት እናቷ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ስትበሪ አስተማሪው ሁልጊዜ አጠገብሽ ነው አይደል? ልጅቱ መዋሸት አታውቅም። መጀመሪያ ላይ አዎ፣ ኋላ ግን ብቻዬን የምበርበት ቀን አለ፣ እሱ ከታች ቆሞ ያየኛል አለች። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ጋዜጣዬን ገለበጥኩ።

እሑድ ደረሰ። ዕጣውን ማን ያውጣ? ሁሉም ወገን ይዟል፣ የማይታማ ሰው ጠፋ። ያኔ አያ ደሳለኝ ታሰበ። አያ ደሳለኝ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው፤ ዓይኑን ሊታከም ከስሜን፣ ከመካነ ብርሃን መጥቶ እኛ ቤት አርፎ ነበር። አንዱ ዓይኑ ታሽጓል፣ በደህናውም ቢሆን ፊደል አይለይም። ከዚህ የበለጠ የማያዳላ ሰው ከየት ይመጣል? በዚያ ሁሉ ምክር ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳ አንተስ ያለው የለም። ተሳለመና እጁን ጣሳው ውስጥ ሰደደ። አንዷን አውጥቶ ለልጅቱ ሰጣት።

ብሩክታዊት ወረቀቷን ዘረጋች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች።

"ትቅር።"

መሪጌታ ቀደም ብሎ፣ እንግዲህ ፈቃዱ ታወቀ አለና መስቀሉን ከደረቱ ላይ ያዘ። ልጄ ግን ወረቀቷን አገላብጣ አየች። ቁም ጽሕፈት ነው። በቀይና በጥቁር ቀለም። እኛ ቤት በቀይና በጥቁር የሚጽፍ ስንት ሰው አለ? ጣሳውን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው።

ሦስት ወረቀት ነበር የገባው አላልኳችሁም? ከአያ ደሳለኝ እጅ ከወጣችው ሌላ አምስት ወደቁ። ግሪክ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬንያ። አራተኛዋ ከቀን መቁጠሪያ ጀርባ የተቀደደች ናት፤ የእናቷ ጅራታም ፊደል፣ "ትቅር"። ባለቤቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አምስተኛዋ ጠንከር ያለች ቡናማ ቁራጭ ናት። የራጅ ፊልም የሚገባበት ፖስታ አለ አይደል? ከሱ የተቀደደች። እሷም "ትቅር" ነው የምትለው።

ልጄ ያችን ቡናማ ወረቀት በሁለት ጣቷ ይዛ ወደኔ ዞረች።

"አባዬ፣ አንተም?"

ከመሪጌታ ይልቅ እኔን ነው ያየችኝ። እሱስ ግሪክ ሲልም በልቡ አትሂድ ባይ ነበር። እኔ ነኝ በምሳው የኮራሁት፣ እኔ ነኝ በጉባኤው ፊት ለሷ ተዉላት ብዬ የጮኽኩት። ያ ብቻዬን የምበርበት ቀን ያለችው ነገር ነው ያሸነፈኝ። ሌሊቱን አስቤበት፣ ጠዋት ማንም ሳይነሳ ጣሳው ውስጥ ጨመርኳት። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም። ለእግዚአብሔርም አንድ አማራጭ ልጨምርለት ብዬ ነው አልኳት፤ ይህን ስል ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይነት ሰው መሆኔን ያን ቀን አወቅሁ። በሌላ ሰው የተናደደ ሰው ጊዜ ሲያልፍ ይረሳል። እኔ ይኼን ሁሉ ቀን የምንጨረጨረው በማን መሰላችሁ?

አያ ደሳለኝ ምን ተጻፈ ብሎ ጠየቀ። ነገሩት። ደህናዋን ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገና ወደ ልጅቱ ዞረ።

"ልጄ፣ እምትማሪበት አገር ቆላ ነው ደጋ?"

ልጅቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ምነው ጠየቅኸኝ አያ አለችው። እሱም ነገራት። እነሱ አገር በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ ብቻ አይገዛም፤ የት አደገች ብሎ ነው የሚጠይቀው። ቆላ ያደገች በቅሎ ሜዳ ላይ ሸጋ ናት፣ የጃናሞራን ዳገት ስትይዝ ግን ትንፋሽ ያጥራትና ከነጭነቷ ትቆማለች። ደጋ የለመደችውን ግን የትም ውሰዳት። ይኼ እምትነጂው ነገር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እሱም ይተነፍስ እንደሁ ብዬ ነው አላት።

ይተነፍሳል አለችው። ደብተሯን አምጥታ አንድ ገጽ ገለጠች፤ ጥያቄው እዚያው ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከፍ ያለ አገር ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ ክንፉም ቶሎ አያነሳም፤ ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ከባሕር ጠረፍ ላይ የተማረ ሰው ይህንን የሚያውቀው በመጽሐፍ ነው። እሷ መብረር የምትፈልገው ደግሞ በስሜን ላይ ነው። በኛ ጫጫታ ግን የገዛ ጥያቄዋን ረስታ፣ ሰማዩ ጥሩ ነው ብላ ወደ ደቡብ አፍሪካ አዘንብላ ነበር። ናይሮቢ ደጋ ናት አለችው፣ የኛን ያህል ባይሆንም። እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ አላት።

እዚያው ስልኳን አውጥታ ለኬንያ መጣሁ ብላ ጻፈች። ማንንም አላስፈቀደችም። መሪጌታ አፉን ሊከፍት ሲል አያ ደሳለኝ ጸበል ጻዲቁ የት አለ ብሎ ዝም አሰኘው።

ሄደች፣ ተማረች፣ ፈቃዷን አወጣች። ብቻዋን የበረች ቀን ፎቶ ላከችልን፤ ከባጃጅ ብዙም ከማትበልጥ አውሮፕላን አጠገብ ቆማለች። ከፎቶው ሥር፣ ያችን ቡናማ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የወጣሁት ብላ ጽፋለች። ባለቤቴ አነበበችልኝና እልል አለች። እኔ ወጥቼ አጥሩ ጥግ አለቀስኩ።

አሁን ሁሉም የኔ ነው ይላል። መሪጌታ ዕጣው ባይወጣ ነገሩ አይገለጥም ነበር እያለ ያወራል። የዕድሩ ሰብሳቢ ደግሞ ኬንያን ከመጀመሪያው እኔ ነኝ ያነሳኋት ይላል፤ በእጁ የገፋትን ኬንያ! እኔ ግን ተምሬያለሁ። በሌላ ሰው ልጅ ጉዳይ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም ብዬ ቁስቋም ደጀ ሰላም ላይ ቆሜ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወንድ ልጁን ሊያስተምር አስቦ፣ አንተ ልጅህን ልከህ አውቀኸዋል፣ የት ይሻላል ብሎ መጣ። አስቀመጥኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ መከርኩት። ቆላውን ተው፣ ኬንያ ላከው፣ ደጋ ይሁን ብዬ የበቅሎዋን ነገር ከነ ትንፋሿ አስረዳሁት። አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ ልጁ እኮ ሊማር የፈለገው ፀጉር ማስተካከል ነው አለኝ።

ቢሆንም ደጋ ይሻለዋል አልኩት።