በቅሎዋ የመዘገበችው ሰው

የወረዳው የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ይመኑ፣ ትናንት ቤቱ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ሕልም ይዞት ሄደ። አገሩ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል።

በሕልሙ የገዛ ቢሮው ደጃፍ ተሰልፏል። ሰልፈኛው ሁሉ ሰው ነው፤ በየጆሮው ቁጥር ተንጠልጥሎበታል። ግመሎች ሰልፍ ያስከብራሉ። በይመኑ ወንበር ላይ መነጽር ያደረገች በቅሎ ተቀምጣለች።

«የዘር ሐረግ?» አለችው።

ይመኑ ደረቱን ነፍቶ ሰባት ቤት ቆጠረ።

«ሰባት ቤት ሙሉ ሰው ብቻ?» በቅሎዋ ደነገጠች። «ምነው፣ ሌላ ዘመድ አጣችሁ?»

«አባትሽ ማነው ሲሉሽ ፈረስ አጎቴ ነው የምትዪ አንቺ አይደለሽ?»

«አባቴ አህያ ነው፤ አላፍርበትም። አሁን ሙቀቱ ጨምሯል፣ ዝናቡም ቀርቷል። ወይ ከግመል ወይ ከፍየል ተዳቀል። ከግመሉ ጥም መቻልን፣ ከፍየሉ እሾህ መብላትን ትወርሳለህ።»

ጸሐፊዋ ፍየል ፎርሙን አመጣችና ግማሹን እዚያው በላችው።

«ባለትዳር ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

«እሷማ ጨርሳለች።»

ዞር ቢል ሚስቱ አሰለፈች ቆማለች። ከነጠላዋ ሥር ሻኛ ጉብ ብሏል።

«አንቺ ሴት! ምን ሆነሻል?»

«ሁለት ሰዓት መንገድ ጀሪካን አዝዬ ስመላለስ የት ነበርክ? ሳምንት ውሃ የማያስጠማ ሻኛ ሲሰጡኝ እምቢ ልበል?»

«ልጆቻችን እኛን ላይመስሉ ነው እኮ!»

«ይኑሩልኝ እንጂ፣ ካሻቸው አይምሰሉኝ።»

ይመኑ ወደ በቅሎዋ ዞሮ፣ «ያንቺስ ልጆች እንዴት ናቸው?» አላት።

በቅሎዋ መነጽሯን አወለቀች። «እኔ አልወልድም» አለች ቀስ ብላ። «መዳቀል ሁልጊዜ አይሰምርም። አንዱ እንደኔ መካን ይቀራል፤ አንዱ ደግሞ እናት አባቱ ያቃታቸውን በረሃ ይሻገራል። ሳይሞከር አይታወቅም።»

አፈረ። የተረፈውን ግማሽ ፎርም ተቀብሎ ፈረመ። ወዲያው ጀርባውን በላው፤ ሸሚዙ ቷ ብሎ ተተረተረ።

«አቶ ይመኑ! አቶ ይመኑ!»

ባነነ። የቢሮው ዘበኛ ሁመድ በሩን ይደበድባል።

«ምን ተፈጠረ?»

«ለማዳቀል ከደጋ የመጣውን ኮርማ ሙቀቱ ጣለው። ቬንትሌተር ያለው እርስዎ ቢሮ ብቻ ስለሆነ፣ ኃላፊው እዚያ አስገብተውታል።»

«እኔስ የት ልሥራ?»

«ጠረጴዛዎን ግራሩ ሥር አውጥቼዋለሁ» አለ ሁመድ። «ማኅተሙን ግን አልቻልኩም፤ ተኝቶበታል።»