ሜትር አይዋሽም

በየሰፈሩ ሳይማር የተመረቀ አንድ ሐኪም አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ሐኪም ልብስ ሰፊ ናቸው። ዕድሜያቸው ከልጄ አይበልጥም፤ አንቱ የምላቸው ለሹፈት ነበር። ክቡር ዶክተር ልብስ ሰፊ ሱሪ ሊያሳጥር የገባውን ሰው ሦስት በሽታ አሸክመው ይሸኛሉ። የልብ ማዳመጫቸው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ቢጫ ሜትር ነው። "ሰው ይዋሻል፤ ሜትር አይዋሽም" ይላሉ።

ሜትሩ አለመዋሸቱ እውነት ነው። የሚዋሸው አስተርጓሚው ነው። ሥጋ ሻጩ ሱሪው ቢያጥርበት "ኩላሊት ነው፤ እግርህ ውኃ ቋጥሯል" ብለው ሁለት ሳምንት ጨው አስተዉት። ሱሪው ያጠረው በፈላ ውኃ ታጥቦ ነው። የአስተማሪዋን ራስ ምታት ደግሞ ከቀሚሷ ዚፕ አገናኝተው ዚፑን ቀየሩላት። ራስ ምታቱ ጠፋ። ያ ዚፕ እስከ ዛሬ እንደ ዲፕሎማ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ባለፈው ዓመት ሸሚዝ ላሰፋ ሄድኩ። ሜትሩን አንገቴ ላይ ጠመጠሙና ደግመው ለኩ። እሳቸው ሁለቴ ሲለኩ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

"ጋሼ፣ ምግብ ይበላሉ?"

"እንደ ጅብ።"

"ታዲያ ምን አከሳዎት?"

"ዕድሜ።"

"እጅዎም ይንቀጠቀጣል።"

"የእርስዎን ወሬ ፈርቶ ነው።"

"ልብዎስ?"

ልቤ ሦስት ወር ሙሉ እንደ ታሰረ ፈረስ ስትዘል ከርማለች። ለሚስቴ እንኳ አልተነፈስኩም። "ልቤ ሥራዋን ታውቃለች" አልኩ ኮራ ብዬ።

ዶክተር የደንበኞቻቸው ልክ የተመዘገበበትን ደብተር ገለጡ። "የዛሬ ዓመት አንገት አርባ፣ ወገብ ዘጠና ስድስት። ዛሬ ወገብ ሰማንያ ስምንት፣ አንገት አርባ ሁለት። ሰው ሲከሳ አንገቱ ይወፍራል እንዴ?"

"በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሊሉኝ ነው?"

"ጆሮ ደግፉን እንኳ ይተዉት ጋሼ፤ የያዘዎት እንቅርቱ ነው።"

በወሬያቸው ቢሆን ንቅንቅ አልልም ነበር። ግን ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የተጻፈ ነገር ችላ ማለት አልችልም። ሐኪም ቤት ሄድኩ። እሳቸውም ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሜትራቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ተከተሉኝ።

ሐኪሟ አንገቴን ዳሰሰች፤ ልቤን አዳመጠች፤ ደሜን አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ መነጽሯን አወለቀች።

"አባባ፣ አንገትዎ ውስጥ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። አብጧል፤ ከልኩ በላይም እየሠራ ነው። የልብዎን ምት ያዛባው እሱ ነው። ምቱ እንዲህ ሲዛባ ደም ልብ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም አንጎል ሄዶ ከዘጋ ስትሮክ ነው። ደግነቱ በጊዜ መጡ። ማን ላከዎት?"

ዶክተር ልብስ ሰፊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ነኝ። የሙያ ባልደረባሽ።"

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ደብተሩን ተቀብላ አርባውንም አርባ ሁለቱንም ፋይሌ ላይ ገለበጠች። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ዶክተር መሬት የረገጡ አይመስለኝም።

መድኃኒቴን ሳላቋርጥ ይኸው ዓመት ሞላኝ። ልቤ ዛሬ ዘይት እንደጠጣ የስፌት መኪና እኩል ትመታለች። ሸሚዙም ልክክ ብሎልኛል። ዶክተርን አንቱ የምላቸውም አሁን ከዚህችው ልቤ ነው።

እሳቸው ግን አልታረሙም። ትናንት ለአናጺው "ትከሻህ ያዘነበለው ከጉበት ነው" ሲሉት ሰማሁ። ሰው ሲጠራጠራቸው የእኔን ታሪክ ያወጡታል፤ ባወጡት ቁጥርም አንገቴ ይወፍራል። መጀመሪያ አርባ አምስት ነበር፤ ትናንት ሃምሳ ገባ።

"ጋሼ ይመስክሩ፤ ሃምሳ አልነበረም?"

አናጺው ወደ እኔ ዞረ። ደብተሩ ውስጥ ምን እንደተጻፈ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ሃምሳ አንድ" አልኩት።