መውደቅ የሚያስተምረው ሻምፒዮን

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ የቀድሞ ሻምፒዮን አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን ሳይከራይ፣ ማኅበር ሳይቋቋም፣ በርበሬ የሚሸጥ ሱቅ ሳይከፈት እሱ ቀድሞ ደርሷል። አንዱ ከተማ ላይ ሯጭ የነበረ ነው፤ ሌላው ላይ ጉልበቱን ባይመታ ኖሮ የት ይደርስ የነበረ ኳስ ተጫዋች። ለፍራንክፈርት የተሰጠው ሻምፒዮን ግን ታጋይ ነው። ታጋይ ሲባል በረሃ የወረደ እንዳይመስል፤ ፍራሽ ላይ ሰው በወገቡ ይዞ የሚጥል፣ የስፖርቱን ማለት ነው።

ስሙ ገናናው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኦስትሃፈን፣ ወደቡ ዳር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሣጥን ያነሣል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ የራሱን ታሪክ ያነሣል። ሣጥኑ ይቀላል የሚሉ አሉ።

ሩሐማ በልቧ የምትጠራው "ክቡር ሻምፒዮን" እያለች ነበር። አየር ማረፊያ በጽዳት የምትሠራ፣ ፕሮይንገስሃይም በሚባለው ሰፈር ከእናቷ ከእማማ የወርቅውሃና ከልጇ ከፀደይ ጋር የምትኖር ሴት ናት። እሑድ ደክሟት መጥታ፣ ጸልያ፣ በሰላም ወደ ቤቷ መመለስ ብቻ ነበር የምትፈልገው። ክቡርነቱ ግን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እንደ ሰው እጅ አይጨብጥም፤ የእጅ አንጓ ይለካል። ትከሻ ይዳስሳል። "አንገትህ ጥሩ ነበር፣ ሳይሠራበት ቀረ" ብሎ የተከበረ ሽማግሌ ያሳዝናል። የማኅበሩን ትልቅ ድስት ሁለት ሴቶች ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ካየ ከየትም ይመጣና "ዳሌ! ነገሩ ያለው ዳሌ ላይ ነው!" ይላል፤ ያውም በቤተ ክርስቲያን ግቢ።

አንድ እሑድ ካህኑ ጸሎት ትግል ነው ብለው አስተማሩ። ሁሉም አሜን አለ። ክቡር ሻምፒዮን ግን ከትምህርቱ በኋላ መስቀል ተሳልሞ፣ በግሪኮ ሮማን ነው ወይስ በነጻ ትግል ብሎ ጠየቀ። ካህኑ ልዩነቱን አላውቅም አሉ። እሱም በግሪኮ ሮማን ከወገብ በታች መንካት እንደማይፈቀድ፣ የሚጸልይ ሰው ግን የጌታን እግር ይዞ የማይለቅ ስለሆነ፣ ነገሩ ነጻ ትግል መሆን እንዳለበት አስረዳ። ካህኑ ትንሽ አሰቡና ለሚቀጥለው ስብከታቸው እንደሚጠቀሙበት ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው።

ታሪኩን በየሳምንቱ የሚሰማ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ለትምህርት ጀርመን መጣ፤ ምሕንድስናውን ሊያጠና ገብቶ ትግሉን አጠና። በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ሦስተኛ ወጣ። ሁለተኛው ዕድለኛ ነበር፤ አንደኛው ደግሞ ዳኛው ያገሩ ልጅ ነው። ቀጥሎ አንድ አዘጋጅ አየውና ለትርኢት ትግል ወሰደው፤ በድንኳን፣ በአዳራሽ፣ በቢራ በዓል፣ ሕዝብ ከፍሎ ወደሚያይበት። ስም አወጡለት፦ "የአቢሲኒያ አንበሳ"። ጎፈሩ ከፍየል ጠጉር የተሠራ ነበር፤ በላብ ሲርስ ይሸታል። በመጨረሻም ዕድሜው አርባ ሊሞላ ሲል፣ በሽቦ አጥር ተከቦ በእውነት ወደሚደባደቡበት ፍልሚያ ገባ። በትረካው ውስጥ ያልጣለው ሰው የለም። የጣላቸው ሰዎችም ዕድገታቸውን አላቋረጡም፤ አንዱ ኦስትሪያዊ መጀመሪያ ሲተረክ ረዘም ያለ ሰው ነበር፣ ዘንድሮ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል።

ጥር ላይ እማማ የወርቅውሃ ትራም ማቆሚያው አጠገብ በረዶ አንሸራትቷቸው ወደቁ።

የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሐኪሙ ጎበዝ ነበር፣ አጥንቱ በደንብ ገጠመ፤ ጄሶው ሲወጣም እግዚአብሔር ይመስገን ተባለ። ፍርሃቱ ግን አልወጣም። በፊት ብቻቸውን ትራም ተሳፍረው ኪዳን የሚያደርሱ ሴት፣ አሁን ከሶፋው እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሆነ የሚሄዱት። ሥጋጃውን ሲያዩ ገደል ያዩ ይመስላሉ። አንድ ቀን ሩሐማ ከሥራ ስትመለስ ጠዋት አስቀምጣላቸው የሄደችው ውኃ እንዳለ አገኘችው። መታጠቢያ ቤት ላለመሄድ ብለው ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ ውለዋል።

ከጤና መድኑ የመጣችው ሴት ክፉ ሰው አልነበረችም። ለስላሳ ድምፅ ነበራት። እናትሽ ብቻቸውን መዋል ካልቻሉ፣ አንቺም ሥራሽን መተው ካልቻልሽ፣ ፕፍሌገሃይም ማሰብ አለብን አለች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ማለቷ ነው። ከፋሲካ በኋላ ተመልሳ ለማየት ቀጠሮ ሰጠች። አማርኛ የሚሰማ ሰው በሌለበት ቤት እናቷ እንዴት እንደሚሆኑ ሩሐማ አሰበች፤ ወጥ ቤት ገብታም ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። እማማ ግን ጀርመንኛው ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል።

"ለስቅለት እንድሰግድ ብቻ ርዱኝ" አሉ። "ከዚያ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።"

ሩሐማ ይህን የነገረችው ለአንዲት ጓደኛዋ ለኣስማእ ብቻ ነበር፤ ያውም በሹክሹክታ። ነገር ግን ክቡር ሻምፒዮን ሰዎች ከሚያወሩበት ቦታ ርቆ አያውቅም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደወል ተደወለ። ሩሐማ ስትከፍት፣ እንደ ቧንቧ የተጠቀለለ ሰማያዊ የስፖርት ፍራሽ ተሸክሞ ቆሟል። በትራም ነው ያመጣው። ሰው መቀመጫ ለቆለት ፍራሹን አስቀምጦበታል።

"እማማን መውደቅ ላስተምራቸው ነው የመጣሁት" አለ።

በሩን ልትዘጋው ምንም አልቀራት። የፍራሹ ጫፍ ግን ገብቶ ነበር።

እማማ የወርቅውሃ ከሶፋቸው ሆነው አዩት። "አንተ ልጅ፣ መውደቁንስ ችዬዋለሁ" አሉ። "አስተማሪም አላስፈለገኝ።"

እሱ አልሳቀም። አንድ ታጋይ ከመጣል በፊት መውደቅ እንደሚማር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሌላ ምንም እንደማያስነኩት፣ የሚወድቅ ሰው አገጩን ደረቱ ላይ ማድረግና እጁን አለመዘርጋት እንዳለበት አስረዳቸው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ መቶ ኪሎ ከምናምን ሆኖ፣ ሳሎኑ መሃል ወደቀ። የቡና ስኒዎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተንጫጩ። ተነሣ። በጎኑ ወደቀ። ተነሣ። ወደ ኋላ ሲወድቅ ከታች ያሉት አዛውንት ጀርመናዊት ምን ተፈጠረ ብለው መጡ፤ በሩ ላይ ሆነው ግዙፍ ሰው ወለል ላይ ተዘርግቶ፣ አሮጊቷ ደግሞ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እየሳቁ አዩ። እማማ ከጥር ወዲህ ሲስቁ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ጎረቤቲቱም ገብተው ተቀመጡ።

በየቅዳሜው መጣ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ እማማ በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ እሱ እንደ ተተኮሰበት ሰው ግድግዳው ድረስ ሄደ። በሦስተኛው ለመግፋት ብለው ከሶፋው ተነሡ። ግድግዳ ሳይዙ መነሣታቸውን ያስተዋለችው ሩሐማ ብቻ ነበረች፤ እንዳይሰማቸው ፈርታ ትንፋሿን ዋጠች።

በዚያው ሰሞን ፀደይ የሻምፒዮኑን የመድረክ ስም ስልኳ ላይ ፈለገችና የድሮ ቪዲዮዎች አገኘች። እየሳቀች ለእናቷ አሳየቻት፤ በጀርመንኛ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ሁልጊዜ ይሸነፋል አለች። እውነት ነበር። የፍየል ጎፈር ያጠለቀው ሰውዬ በአንዱ ከላይ ይወረወራል፣ በሌላው በጀርባው ይነጠፋል፣ በሌላው ጎፈሩ ተነቅሎ ሕዝብ ያውለበልበዋል። ኦስትሪያዊውም ተገኘ፤ አጭር ሰው ነው። ሩሐማ ልቧ ውስጥ ደስ አላት፤ ለዓመታት በር ላይ ያቆማት ሰው እጇ ገባ። ቅዳሜ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ አስቁማ፣ እየሳቀች ስልኩን ዘረጋችለት።

"ጋሽ ገናናው፣ የምታሸንፍበት የትኛው ላይ ነው?"

ገናናው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየ። አልተቆጣም፤ ረጅም ጊዜ ያላየውን ዘመድ እንደሚያይ ሰው ነበር ያየው።

"ሥራዬ መሸነፍ ነበር" አለ። "እዪው እስቲ ይሄን ልጅ። ቀጫጫ ነው። እኔ ካልዘለልኩለት በምን አቅሙ ያነሣኛል? ሕዝቡ ጉልበቱን አይቶ አበደለት። እናቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር።"

ከዚያ ሳትጠይቀው ስለ ሽቦው አጥር ነገራት። እዚያ የገባው በቃኝ ብሎ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ በእውነት ማሸነፍ ፈልጎ። በመጨረሻው ፍልሚያ ሰውዬውን አንሥቶ ጣለው። ሲጥለው ግን እጁ ለዓመታት እንደለመደው ከሥር ገብቶ የሰውየውን ማጅራት ደገፈ። ሰውየው በደህና አረፈ፤ ተነሣና መታው።

"እጄ ሰው ማስቀመጥ ነው የሚያውቀው" አለ ገናናው። "ይሄን እሑድ ብናገር ማን ይሰማኛል?"

ሩሐማ ስልኩን ኪሷ ከተተች። እማማ እየጠበቁህ ነው አለችው።

ያን ቀን ከባዱን ትምህርት አመጣ፤ እማማ ራሳቸው ወለል ላይ ወርደው እንዲነሡ ፈለገ። በጎን መንከባለሉን አሳያቸው። እማማ ባልቴት እንደ በርሜል አይንከባለልም ብለው እንቢ አሉ። ለመነ፤ እንቢ። ሐኪሙ የላካት የእንቅስቃሴ ባለሙያም ሞክራ ያቃታት ይኸው ነበር። እማማ ፍራሹን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ "ምሥራቅ በየት ነው?" ብለው ጠየቁ።

ፀደይ በስልኳ አየችና በመስኮቱ በኩል ጠቆመች። እማማ ፍራሹን አዙሩልኝ አሉ፤ ገናናው አዞረው። ጫማቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አማተቡ። ለመውደቅ ያልወረዱት ሴት ለመስገድ ወረዱ። እጅ፣ ጉልበት፣ ግንባር። ገናናው አጠገባቸው ተንበርክኮ፣ ሳይነካቸው፣ ሁለት እጁን ሊወድቁ ይችሉበት በነበረው አየር ላይ ዘርግቶ ቆየ። ሲነሡ ተንቀጠቀጡ፤ ግን ተነሡ። ባለሙያዋ በሳምንቱ መጥታ ስታይ እጇን አጨበጨበች፤ ሳስተምርዎ የሞከርኩት እኮ ይህንኑ ነው አለች፤ ምሥራቅ በየት እንደሆነም ጠይቃ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ስቅለት ደረሰ። የተከራዩት የጀርመኖች ቤተ ክርስቲያን ወለሉ በሥጋጃ ተሸፍኖ፣ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ቆመው፣ ስግደቱ ተጀመረ። ሩሐማ ከእናቷ ጎን ቆማ የምትጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እማማ ወረዱ። ተነሡ። እንደገና ወረዱ። ትንሽ ቆየት ብሎ ዐይኗ መተላለፊያውን ተሻግሮ ወንዶቹ ጋ አረፈ።

ገናናው እማማ ሲወርዱ ይወርዳል። ቀድሞ መነሣት ይችላል፤ አይነሣም። ወለሉን እየቧጠጠ፣ እያቃሰተ፣ አንድ ጉልበቱን ይዞ፣ ምስኪን ሆኖ ይቆያል፤ እማማ ቀና ሲሉ ነው በመከራ የሚነሣው። አጠገቡ የነበረው ዘርኣብሩክ የሚባል ወጣት ሊደግፈው ክንዱን ያዘው። እማማ አንገታቸውን አዙረው አዩት። ያ የሚያህል ሰው ደክሞ እሳቸው ቆመዋል። ወገባቸው ቀና አለ። ማረፍ የሚገባቸው ጊዜ ሲደርስ እንኳ አላረፉም፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ጭራሽ አላረፉም።

ሩሐማ እየሰገደች ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ጌታ ይቅር እንዲላት ለመነች፤ ደግሞም አመሰገነች።

ማታ ሲወጡ እማማ የማንንም ክንድ ሳይዙ ደረጃውን ወርደው ገናናውን ፈለጉት። "ልጄ፣ ጎዳኸው እንዴ ጉልበትህን?" አሉት ከልባቸው አዝነው። "ነገ አትምጣ፣ ዕረፍ። እኔ ነኝ የምመጣው።"

"አሸነፉኝ እኮ እማማ" አለ ክቡር ሻምፒዮን።

መጦሪያ ቤት የሚባለው ነገር ተረሳ፤ የመድኑ ሴት በቀጠሮዋ ስትመጣ በሩን የከፈቱላት እማማ ራሳቸው ነበሩ። ገናናው ግን ተባባሰ። ከፋሲካ ወዲህ ኦስትሪያዊውን ትቶታል፤ እሑድ በር ላይ ሰው አስቁሞ የሚተርከው አንዲት አሮጊት ስቅለት ዕለት እንዴት አድርገው እንደረቱት ነው። እማማ የወርቅውሃም በየሳምንቱ እያደጉ ነው፤ ባለፈው እሑድ ትከሻው ድረስ ደርሰው ነበር። ሩሐማ ታሪኩን በቃሏ ታውቀዋለች። አሁን ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትራሙ እያመለጣት፣ እስኪጨርስ ቆማ ትሰማዋለች።