ከአማቷ ያልተፋታች

አንድ የዶርዜ ጋቢ፣ አንድ የቱርሚ ሙክት፣ ግማሽ ኩንታል ስኳር፣ ደግሞም ሱቄ ተዘግቶ ያለፈ የቅዳሜ ገበያ። ፍቅር ያስወጣኝ ይኸው ነው። ቅዳሜ ጂንካ ላይ ሱቅ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ለነጋዴ አልነግረውም፤ ለሌላው ብነግረውም አይገባውም።

ስለዚህ ምክሬን በነፃ ውሰድ። ባሏን የፈታች ሴት የወደድክ እንደሆነ ስለ ቀድሞ ባሏ አትጠይቅ። የቀድሞ ባል ምንም አያደርግህም። የባሏ እናት በሕይወት አለች ወይ ብለህ ጠይቅ...

እኔ የጠየቅኩት ስለ ባሏ ነበር። ፀዳለ ከሱቄ ፊት ለፊት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ክርና ቁልፍ የምትወስደው ከእኔ ነው፤ እኔም ክር የሚያልቅባትን ቀን ከእሷ ቀድሜ የማውቅ ሰው ሆኜ ነበር። ባሏ መኮንን የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከተፋቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ኑሮውን ቱርሚ አድርጓል አሉኝ። ጉዳዩ ያለቀለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ያልነገሩኝ እማማ የሺን ነው፤ የመኮንንን እናት። ፀዳለ የፈታችው ባሏን እንጂ እሳቸውን አይደለም። ማታ ማሽኗን ሸፍና የምትሄደው በቀጥታ እሳቸው ቤት ነው። እግራቸውን ታጥባለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ጋቢውን ለበዓል ሰጠኋት፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እማማ የሺ ትከሻ ላይ አየሁት። አሮጊቷ ጭራሽ አቁመውኝ፣ "ልጄ ናት ያለበሰችኝ። አንተስ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሱቅህ አታስገባም?" አሉኝ። አስገባለሁ ብዬ አለፍኩ።

ተስፋ ግን አልቆረጥኩም። በመጨረሻ ፀዳለ "ሽማግሌ ላክና እናያለን" አለች። "እናያለን" በእኛ ገበያ ዋጋው ተቀራርቧል ማለት ነው። የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ወልዴን ከሁለት ሰዎች ጋር ለመንኩ፤ ሙክቱንም ከቱርሚ አስመጥቼ ጓሮ አሰርኩ። ቀጠሮው ለእሁድ ተያዘ።

ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። እማማ የሺ አርፈዋል።

ምን ታደርጋለህ? ሱቅህን ትዘጋለህ። ድንኳን ተከልኩ፣ አግዳሚ ወንበር ተሸከምኩ፣ ስኳሩን ከመጋዘን አወጣሁ። ሙክቱም ለእንግዳ ታረደ። ለሽማግሌዎቼ ያልኩትን ሥጋ ያው ሽማግሌዎቼ በሉት፤ ለእኔ ሳይሆን ለእማማ የሺ ነፍስ እየጸለዩ። ከሃና ከተማ ለለቅሶ የመጡ አንዲት ሴትዮ ሩጫዬን አይተው ለሟች ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አሰብኩት... የቀድሞ ምራታቸው የወደፊት ባል? እንዲህ ላለው ዝምድና እስካሁን ስም አልወጣለትም። ጎረቤት ነኝ አልኩ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጠን ብለው መረቁኝ።

ከሰዓት በኋላ መኮንን ከቱርሚ ደረሰ። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን የዋልኩትን ሁሉ ሰምቶ ኖሮ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። የሚያለቅስ ሰው ደግሞ ለመጥላት አይመችም፤ ሸሚዝህ ይረጥባል፣ ጀርባውን መታ መታ ታደርጋለህ፣ በቃ፣ ወዳጅ ሆናችሁ። በሠልስቱ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"አንተ እንግዲህ ወንድሜ ሆነሃል" አለኝ። "ከጋሽ ወልዴ ጋር ሆናችሁ ከፀዳለ አስታርቁኝ።"

ጋሽ ወልዴን አየኋቸው። እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ።

አዎ፣ ሄድኩ። እምቢ ብል ምክንያቱን ለቅሶ ቤት ውስጥ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ፀዳለ ጥቁር ለብሳ ከማሽኗ ኋላ ተቀምጣለች። ጋሽ ወልዴ ተናግረው ሲጨርሱ እሳቸውን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተም ለእሱ ነው የመጣኸው?"

"ድንኳን ውስጥ ተይዤ ነው" አልኳት።

ለመሳቅ ትንሽ ነበር የቀራት። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ መለሰች፦ "ከእሱ ስለያይ ሻንጣዬን ይዤ የገባሁት እሳቸው ቤት ነው። 'ልጄ ባይረባ እኔ ምን አደረግኩሽ?' አሉኝ። እናቴ እሳቸው ነበሩ። ወደ እሱ ግን አልመለስም፤ እንዲህ በሉልኝ።"

ደስ አለኝ። ደስታዬ ሌሎቹ ወጥተው እኔ እስክቀር ድረስ ቆየ። "የእኔስ ነገር?" አልኳት።

"አንተን ካገባሁ ያንተ ቤት ሰው ነኝ። የእሳቸውን ሐዘን ማን ይቀመጥ? ልጃቸው እንደሆነ ነገ ቱርሚ ነው።"

"ጥቁሩን እስክታወልቂ እጠብቃለሁ።"

"እሺ፣ ጠብቅ" አለች።

ጠበቅኩ። አርባው ወጣ። ሙት ዓመቱም ወጣ። በማግስቱ ሱቄ ገባች፤ ልቤ ምን እንዳደረገ እዚህ አልጽፍም። ጥቁር ጨርቅ ጠየቀችኝ፤ የበፊቱ ነትቦባታል። እጄ ላይ የመጣውን ጣቃ ዘርግቼ ለካሁላት። ጨርቁን ራሷ አጣጠፈችው።

"አሁን እንኳ አትጠብቀኝ" አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ያንተም ዕድሜ ነው።"

ሒሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ነው፦ መኮንን ከቱርሚ ሲመጣ እኔ ቤት ያድራል። ፀዳለ ክር ከእኔ ትገዛለች። ሚስት የለኝም።