መስከረምን የቀደመ ካሜራ

ሰው ዕቃ ሲመርጥ ጠባዩ ይወጣል። ጫማ ሲመርጥ የሚኩራራ አለ፤ ስልክ ሲመርጥ የሚያውቅ የሚመስል አለ፤ ሻጩን ላለማስቀየም ብሎ የማይፈልገውን ይዞ የሚወጣም አለ። እኔ ደግሞ ዕቃ የምመርጠው ምስክር እንደሚመረምር ሰው ነው። ዕድሜዬን ወሬ ሳጣራ ስለኖርኩ «ጥሩ ነው» የሚል ቃል ጆሮዬ አይቀበለውም። ጥሩ ያለው ማነው? ከምን ጋር አወዳድሮ? ባለቤቴ ሽንኩርት ግዛ ብላ እኔን መላክ ያቆመችው በዚህ ምክንያት ነው። ዘይቱ ያርርባታል።

ታዲያ ሕፃን ሳይቀር በስልክ ፎቶ በሚያነሳበት በዚህ ዘመን፣ እኔን የሚያህል ሰው ትንሽዬ ዲጂታል ካሜራ ፍለጋ በወላይታ ሶዶ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ብታዩት ምን ትሉ ነበር? እነሱም ያንኑ ነው ያሉት። አንዱ ባለሱቅ «ጋሼ፣ ካሜራ እኮ ሞቷል» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞክሯል። እኔ ግን ምክንያት ነበረኝ። ምክንያቱም ይራመድ ነበር።

የሚራመደው አጥር ነው። ታላቅ እህቴ አማረች ሁምቦ ቆላ ውስጥ፣ ከተበላ ከተማ በእግር ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ባሏ የተወላትን መሬት እያረሰች ትኖራለች። ከጎረቤቷ ከአቶ ቶማ የሚለያት የቅንጭብ አጥር ነው። ቅንጭብን ለማታውቁት፣ ቅጠል የሌለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ፣ ወተቱ ዓይን የሚያቃጥል፣ ቆርጠው የሰኩት ቦታ ሁሉ ሳያንገራግር የሚጸድቅ ተክል ነው። ለድንበር ጥሩ ነው። ድንበር ለመግፋት ግን ከዚያም ይሻላል። ዝናብ መሬቱን ባለሰለሰ ቁጥር አንድ ሁለት ግንድ ተነቅሎ ወደ እህቴ በኩል ይተከላል፤ በሳምንቱ እዚያው የተወለደ ይመስላል። አቶ ቶማ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አጥሩን የተከለው አባቴ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ ነክቶት አያውቅም።»

ባለፈው ክረምት አጥሩ ወደ ማንጎው ቀረበ። ማንጎውን የተከለው የእህቴ ባል ነው፤ የልጆቿ ደብተርና ዩኒፎርም የሚወጣው ከሱ ነው። በአጥሩና በማንጎው መካከል የቀረው ሁለት እርምጃ ነበር። ራሴ ረግጬ ለክቼዋለሁ። አጥሩ ማንጎውን ካለፈ ማንጎው የአቶ ቶማ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

እህቴ በስልክ ያነሳችውን ፎቶ ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አሳይታ ነበር። ሊቀመንበሩ አቶ ጴጥሮስ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በአንድ እጃቸው መለሱላት።

«ወይዘሮ አማረች፣ ስልክ አታምጪብን። አሁን በስልክ የሞተ ሰው ያስጨፍራሉ። ቀኑ ፎቶው ላይ የታተመ፣ ከካሜራ የወጣ ከሆነ እናያለን። ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ በፈረንጅ ቀን ቃለ ጉባኤያችንን አታተራምሱት።»

የቁርጡ ቀንም ተቆረጠ፤ ጳጉሜን 4። ለምን ጳጉሜን ብትሉ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም ስለሚገባ ነው። ቂም ይዞ ወደ ጊፋታ መሻገር ነውር ነው። ኮሚቴው ይወስናል፣ ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ፣ አብሮ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ የድንበሩን ነገር የሚያነሳ ሰው ዕርቅ አፍራሽ ይባላል። ባጭሩ፣ አጥሩ በዚያን ቀን የቆመበት ቦታ ላይ ለዘላለም ይቆማል።

እንግዲህ በዚህ ጭንቀት ነው ጋሽ ወልዴ ሱቅ የገባሁት። ጋሽ ወልዴ አባቱ ከጉራጌ መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ አምፖል፣ ሪሞትና ቻርጀር የሚሸጥ ሰው ነው። ከመስታወቱ ጀርባ አቧራ የጠጡ ሁለት ካሜራዎች ነበሩት፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ብርማ። ቀዩ ሜጋፒክስሉ ይበልጣል። ብርማው ሌንሱ ወደ ፊት እየወጣ ሩቁን በደንብ ያቀርባል። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፋርማሲ ሰሌዳ በሁለቱም አነሳሁ። የቀዩ ፊደሎች አጉልተው ሲያዩዋቸው ይሟሟሉ፤ የብርማው አይሟሙም። በሁለቱም በፎቶው ጥግ ላይ ቀን ይታተማል። የሁለቱንም ባትሪ አውጥቼ ቡና የሚጠጣበትን ያህል ቆየሁና መለስኩ። ቀዩ ቀኑን ረስቷል። ብርማው አልረሳም። ሁሉንም በማስታወሻዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ወልዴ ትዕግሥቱ አለቀ። «አንተ ጋዜጠኛ፣ ካሜራ ልትገዛ ነው ወይስ ሚስት ልታጭ?»

«ሚስት ስመርጥ እንዲህ አልተጠነቀቅኩም።»

«እሷም ሳታውቅ አልቀረችም» አለና ብርማውን ተቀብሎኝ ቁልፎቹን መጫን ጀመረ። «ቀኑን በፈረንጅ ላድርገው በኛ?»

«በኛ።»

«ወር አሥራ ሁለት፣ ቀን ሃያ። ነሐሴ ሃያ። በል ይቅናህ።»

ያኑ ዕለት ወደ ተበላ በሚሄደው ሚኒባስ ገባሁ። ከማንጎው አጠገብ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ቆሜ አጥሩን አነሳሁ። ጥጉ ላይ ነሐሴ 20 በብርቱካንማ ቁጥር ታተመ። ፍሬ ነገር ማለት ይህ ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ግን ለጤና አይመቹም ነበር። እህቴ በየጠዋቱ ትደውላለች። «ዛሬ ውሻው ጮኸ።» «ዛሬ ቶማ ገጀራ ሲስል አየሁት።» «ዛሬ ሰላም አለኝ፤ ለምን ሰላም አለኝ?» እኔ ደግሞ ሶዶ ተቀምጬ ባትሪው አለቀ እንዴ እያልኩ ካሜራውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ። ባትሪ የሚጨርሰው ይኸው መሆኑን አውቃለሁ። ማወቅ ግን አያስተወኝም።

ጳጉሜን 3 ጠዋት ስደርስ ሦስት ግንድ ቅንጭብ ወደፊት መጥቶ ነበር። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። እስከ ማንጎው የቀረው አንድ እርምጃ። እህቴ በእጇ ወደ መሬቱ ጠቆመችኝ። ያንኑ ድንጋይ ላይ ቆሜ አነሳሁና ሁለቱንም ፎቶ ለማሳተም ወደ ሶዶ ተመለስኩ። ሲታተሙ የግንዱን ብዛት ቆጠርኩ፣ ርቀቱን አመዛዘንኩ፣ ድንጋዩ አንድ መሆኑን አረጋገጥኩ። ሁሉን አየሁ። አንዲት ነገር ብቻ አላየሁም። ዕድሜዬን የሰው ጽሑፍ ላይ ቀን ሳርም ኖሬ፣ የራሴን አላየሁም።

በማግስቱ ኮሚቴው ማንጎው ሥር ተቀመጠ። አቶ ጴጥሮስ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ፎቶ ተመለከቱ።

«ነሐሴ 20። ደግ።» ሁለተኛውን አነሱ። ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት። «ዛሬ ስንት ነው?»

«ጳጉሜን አራት» አሉ የኮሚቴው አባላት።

«ይሄ መስከረም 2 ይላል። የመጪው ዓመት።»

ያኔ ገባኝ። ካሜራው የፈረንጅ ልጅ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አልነገሩትም። እኔ ነሐሴ ስለው እሱ የፈረንጆቹን አሥራ ሁለተኛ ወር፣ ዲሴምበርን ቆጥሮ፣ ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ ጳጉሜንን ሳይረግጥ ዘሎ አዲስ ዓመት ገብቷል። ባትሪ አውጥቼ የፈተንኩት፣ ሰሌዳ ያስነበብኩት ካሜራ፣ ጳጉሜንን አያውቅም። ያንን ደግሞ አልጠየቅኩትም።

ላስረዳ ሞከርኩ። ሳስረዳ ይብስ ነበር። ከአባላቱ አንዱ እየሳቁ፣ «መስከረም ከገባህ አይቀር፣ ለጊፋታ የምናርደውን በሬ ለምን አላነሳህልንም?» አሉኝ። አቶ ጴጥሮስ አልሳቁም። ሁለቱንም ፎቶ አጥፈው ከደብተራቸው ሥር አደረጉ። «ነገን ያነሳ ካሜራ ስለ ትናንት ሊመሰክር አይችልም። የመጀመሪያውንም አንቀበልም።»

እህቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ ሄዳ የማንጎውን ግንድ ተደገፈች። ወደ እኔ አልተመለከተችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ ጊዜ አቶ ቶማ ዝም ቢል አሸንፎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ግን ያሸነፈ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል። ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«አያችሁልኝ? ይሄ ነው ጋዜጠኛ! ዓይናችሁ እያየ ቀን ይፈጥራል! ይህንን ቅንጭብ እኮ በዚህ በገዛ እጄ የተከልኩት ከትናንት በስቲያ ነው! እንዴት ብሎ የመስከረም ይሆናል?»

ማንጎው ላይ የነበሩት ወፎች እንኳን የሰሙት መሰለኝ።

አቶ ጴጥሮስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቶማ፣ መቼ ነው ያልከው?»

«እ... ማለቴ... ዘሞ ነበር። ላቃናው ብዬ ነው።»

«አባትህ ከተከለው ወዲህ እጅህ ነክቶት አያውቅም አላልክም?»

«ዝናቡ...»

«ወዴት ነው ያቃናኸው? ወደ ማንጎው?»

አቶ ቶማ ተቀመጠ። አቶ ጴጥሮስ ያጠፉትን የነሐሴ 20 ፎቶ ከደብተራቸው ሥር አውጥተው በመዳፋቸው ዘረጉት፤ ድንጋዩ ላይ ወጥተው አመሳከሩት። ሦስቱ ግንዶች በዚያው ቀን ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የነቀላቸውም የተከላቸውም አቶ ቶማ ነው፤ የእጅ ልምድ ነበረው።

እኔ ሐቅ ይረታል እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁንም እላለሁ። በዚያን ቀን ግን ሐቅ የገባው ስሕተት በከፈተለት በር ነው፤ እኔ ተጠንቅቄ ባዘጋጀሁለት በር ላይማ አንኳኩቶ ተመልሶ ነበር።

ለጊፋታ ታርቀው አብረው በሉ። አቶ ቶማ ራሱ ነው ማንጎው ሥር ከእህቴ ጋር አንሳን ያለኝ። አነሳኋቸው። ካሜራው አሁንም አራት ቀን ይቀድመናል። ቁልፉን ይዤ ቀኑን ላስተካክል ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተወው» አለችኝ በጆሮዬ። «ቶማን የሚቀድመው እሱ ብቻ ነው።»