ሰላምታ የምትቆርጠው ዳይሬክተር

በየሠፈሩ ስልኩን ቀስሮ የሚዞር፣ ኑሮን ሁሉ «ድገሙልኝ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ሠፈር የለም የምትሉ ካላችሁ፣ እየቀረጻችሁ ሊሆን ስለሚችል ዞር ብላችሁ እዩ። የካዛንቺስን ሹመት የያዘችው ክብርት ዳይሬክተር ሀምዲያ ናት። ማን እንደሾማት አይታወቅም፤ ሊሽራት የሞከረም የለም።

ሀምዲያ በአባቷ ሱቅ ሳሙናና ዘይት እየሸጠች ለፌስቡክ አጫጭር ቪዲዮ ትሠራለች። አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ካሜራውን አዩት። እንዳላዩ ሆነው ይለፉልኝ።» አለፍኩ። «አሁን ደግሞ በጣም እንዳላዩ ሆኑ። ማለቴ፣ በቃ ኖርማል።» በዚህ ዕድሜዬ ኖርማል መራመድ እንደማልችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ቤት ስደርስ ዳቦው ቀዝቅዞ፣ ባለቤቴ ጦፋ ጠበቀችኝ።

የክብርት ዳይሬክተር ሕገ መንግሥት ባለ አንድ አንቀጽ ነው፦ «ያለን ሦስት ሰከንድ ነው።» በዚያ ውስጥ ያልያዝከው ሰው በአውራ ጣቱ ገፍቶህ ያልፋል ባይ ናት። በእኛ ሠፈር ደግሞ በሦስት ሰከንድ «እንዴት አደርክ» እንኳ አያልቅም። ስለዚህ የሰውን ሰላምታ ሁሉ ትቆርጣለች። ጎሚስታው ሸምሰዲን ቪዲዮው ላይ ብቅ ከማለቱ «ጎማ!» ይላል። እናቱ አይተው፣ «ልጄን ሰላምታ የማያውቅ ባለጌ አደረገችብኝ» ብለው አኩርፈዋል።

በ2010 ዓ.ም. ሁዳዴ ሲገባ እትዬ ትበርህ ሽሮ ቤት ፊት ለፊት የቆርቆሮ አጥር ተገተረ። ሕንፃ ሊሠራ ነው ተባለ። ቤቱ ከመንገድ አይታይም፤ በጾም ወንበር የማይገኝበት ቤት ድመቷ ብቻ የምትተኛበት ሆነ። «እስከ ፋሲካ ካልተሻለ እዘጋዋለሁ» አሉ እትዬ። ከወጣትነቴ ጀምሮ የበላሁበት ቤት ነው፤ ሆዴ ባባ።

እዚያው ተቀምጬ ሳለ ሀምዲያ ስልኳን ይዛ ከተፍ አለች። «እትዬ፣ ድስቱን ይክፈቱና 'ከአጥሩ ጀርባ አለን' ይበሉ። በቃ።»

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ካሜራው ዞሩ። «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ? ሰላም ናችሁ? ቤተሰብ ደህና? የታመመ የለም? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከካዛንቺስ አልጠፋሁም፣ አጥር ጋርዶኝ ነው።»

«እትዬ፣ ሰላምታው ግን...»

«እንዴ! ሰው ሳልጠይቅ ሽሮ ብሉ ልበል? ማን አሳደጋት ይበሉኝ?»

«ችግር የለም፣ እቆርጠዋለሁ» አለችኝ ሀምዲያ በጆሮዬ።

ቆረጠችውም። ግን ሱቅ ደንበኛ እያስተናገደች ፌስቡክ ላይ ስትለቀው ተሳስታ ያልተቆረጠውን ለቀቀች። ሳታጠፋው ኔትወርክ ሄደ። «ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩ። ሰላምታው ከነነፍሱ ወጥቷል። ማን ያየዋል? የእትዬን ቤት እኔው አዘጋሁት» አለችና እንባዋ መጣ። ያቺን አፈ ጮሌ ልጅ እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን እትዬ ቤት ተቀምጠናል። ክራባት ያሰረ ሰውዬ አጥሩን ዞሮ መጣና በበሩ አንገቱን አስገባ።

«ደህና ነን፣ እትዬ» አለ ማንም ሳይጠይቀው። «ቤተሰብም ደህና ነው።»

ከኋላው አንዲት ልጅ ገባች። «እኛም ሰላም ነን። እናቴን ብቻ ወገቧን ትንሽ አሟት ነበር።»

«እኔን! አሁንስ ተሻላት?» አሉ እትዬ፣ ጭልፋውን እንደያዙ።

ከሜክሲኮ መጡ፣ ከቄራ መጡ፣ ከቡልጋሪያ ማዞሪያ መጡ። ሁሉም ሽሮ ከማዘዙ በፊት የሰላምታውን መልስ ያደርሳል። ለካ ይህ ሁሉ ሰው ደህንነቱን የሚጠይቀው አጥቶ ከርሟል። ፋሲካ አለፈ፤ ቤቱ አልተዘጋም። ቪዲዮውን ማን ሠራው ያለኝን ሁሉ «የእኛ ልጅ ናት» እላለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ትናንት ዳቦ ይዤ ሳልፍ ደግሞ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ አንዴ ይለፉልኝ።»

እኔም ቆምኩና ወደ ካሜራው ዞሬ፣ «እንደምን አደራችሁ?» አልኩ። ቤተሰብ ጠየቅኩ፣ ልጆች ጠየቅኩ፣ የታመመም ጠየቅኩ። ዳቦው ቀዘቀዘ።

አልቆረጠችውም።