የሐዘን ማሊያ

ዛሬ ሜዳ ሙሉ ሰው ፊት የሆንኩትን ብነግራችሁ ግማሻችሁ ታዝኑልኛላችሁ፣ ግማሻችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሁለቱንም ፈቅጃለሁ።

ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ለማታውቁኝ፣ የኮች ወልዴ ባለቤት ነኝ። ነበርኩ ልበል? የትኛውን እንደምል እስካሁን አልለየልኝም። ወልዴ እዚህ ቀራንዮ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ነበር። የልጆቹን የእግር ኳስ ቡድን የሚያሰለጥነውም እሱ ነበር።

የቡድኑ ማሊያ ነጭ ነው። ነጭ! ቀይ አፈር ሜዳ ላይ ነጭ ማሊያ ምን የሚሉት ምርጫ ነው? ስጠይቀው "ማን እንደወደቀና ማን እንደቆመ እንዲታየኝ ነው" ይለኝ ነበር።

እሱ ምን አለበት፣ አጣቢዋ እኔ ነኝ!

ከጨዋታ በኋላ በትልቅ ቦርሳ ይዞልኝ ይመጣል። እኔ አጥባለሁ፣ እሱ ያሰጣል። ስለ ኳስ የማውቀው ይህንኑ ነው። ውጤቱንም ቢሆን ከእድፉ ነበር የማነበው። ያሸነፉ ቀን የማሊያው ጀርባ ይቆሽሻል፣ ተቃቅፈው መሬት ላይ ይንከባለላሉና። የተሸነፉ ቀን ደረቱ ይቆሽሻል፣ ፊታቸውን ይጠርጉበታል።

የዘንድሮው ውድድር ሲጀመር ደረት ደረቱን ብቻ ሳሽ ሰነበትኩ።

ከዚያ ቀስ በቀስ ጀርባም ማሸት መጣ። ወልዴ ቤት ሲገባ ያፏጭ ጀመር።

በውድድሩ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ጠዋት ለሥራ ወጥቶ አልተመለሰም። ልቡ ነው አሉ። መርዶው ሲደርሰኝ ማሊያዎቹ ገመድ ላይ ነበሩ። ድንኳን ሊተክሉ የመጡ ጎረቤቶች አውርደው አጣጠፉልኝ።

ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ አምበላቸው ናትናኤል ደጄ ላይ ቆመ። ጫማውን እያየ፣ "ማዘር፣ ይቅርታ... ማሊያው እርስዎ ጋ ነው" አለኝ።

ሰጠሁት። ቅዳሜ አቆሽሾ መለሰልኝ። ይጠቡልን አላለም፣ እኔም አላጥብም አላልኩም። እንዲሁ ቀጠልን።

አትስቁ እንጂ፣ በእነዚህ ወራት ከአልጋዬ ያስነሳኝ ያ ቦርሳ ነው።

ዛሬ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ቀደም ብለው ደውለውልኛል። "እርስዎንም አደከምንዎት፣ ከጨዋታው በኋላ ማሊያው ስቶር ይገባል" አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እጆቼን የማደርግበት ጠፋኝ።

በቃ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በረዶ አስመስዬ ላጥበው ቆረጥኩ።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ።

በዚሁ ሳምንት ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ጥቁር ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችና "አንቺ! ዓመቱ ሳይሞላ ቀሚስሽ ከሐዘን ወጣ እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እጥበት ሲበዛበት ቡናማ ሆኗል። እኔ ሳልወጣ እሱ ወጣ! አየር ጤና ወርጄ ጥቁር ቀለም ገዛሁ፣ በትልቁ ሳፋ በጥብጬ ቀሚሴን አቀለምኩ። የተረፈው ለሻርፔ ይሆነኛል ብዬ ሳልደፋው ጓሮ ተውኩት።

ትናንት ሲመሻሽ መብራት ሄደ። ማሊያዎቹን ታቅፌ ጓሮ ወጣሁ። ሳፋው ውሃ ሞልቶ ቁጭ ብሏል። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰው የሞላ ሳፋ ሲያይ ጥያቄ አይጠይቅም፣ ያመሰግናል እንጂ። ሐሳቤም እዚያ አልነበረም፣ ስቶሩ ጋ ነበር።

ዘፈዘፍኳቸው።

ጠዋት አመድ መስለው ጠበቁኝ። በረኪና ጨመርኩባቸው። ነብር ሆኑ!

ሌላ ማሊያ የለም። እርጥበታቸው በቅጡ ሳይለቃቸው ቦርሳው ውስጥ ከትቼ ሜዳ ሄድኩ።

ልጆቹ ቦርሳውን ከፈቱት። በረኛው ቢኒ አንዱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ "ማዘር፣ ይሄ የኛ ነው?" አለ።

"የኛ ነው፣ ልበስ" አለው ናትናኤል።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እነሱ ግን ለብሰው ጨርሰዋል።

ተጋጣሚዎቻችን የአየር ጤና ልጆች ነበሩ፣ ቢጫ የለበሱ። አምበላቸው ማሊያውን አየ፣ እኔን ጥቁር ለብሼ አየ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣና "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ጨበጠን። ከዚያ ለዳኛው አንድ ነገር ነገረው። ዳኛው ፊሽካ ነፋ።

የህሊና ጸሎት!

ሜዳው ሁሉ ቆመ። ቆሎ የምትሸጠው ሴት ሳትቀር ተነሳች። ዩኒት ሊደሩ ማይክ ይዘው "ቡድናችን ለአሰልጣኙ ክብር የሐዘን ማሊያ ለብሷል፣ ባለቤታቸው በገዛ እጃቸው ነው ያቀለሙት" አሉ። እዚህ ላይ ውሸት የለም። በገዛ እጄ ነው!

ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን ምድር ተከፍታ እንድትውጠኝ እየለመንኩ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ፀሐይዋ በረታች፣ ልጆቹ አላባቸው፣ ቀለሙም መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ በአንገታቸው፣ ቀጥሎ በክንዳቸው። ቢኒማ ፊቱን በማሊያው ጠርጎ ዓይኑ ብቻ ቀረ።

"እናንተ! ጋራዡ እኮ በእኛ ሰፈር ነው፣ ተሳስታችኋል!" አለ አንድ የአየር ጤና ደጋፊ።

"ከሰል ጭናችሁ ነው የመጣችሁት?" አለ ሌላው።

ይባስ ብሎ በቢጫዎቹም ማሊያ ላይ የጣት አሻራ መታየት ጀመረ። ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ እጁን አየ። እሱም ጠቁሯል! ዩኒት ሊደሩ ሊያድኑኝ አስበው፣ ነፍሳቸውን ይማርና (በሕይወት አሉ፣ ግን ለእኔ ዛሬ ሞተዋል)፣ ወደ መሃል ወስደው ማይኩን ሰጡኝ። "ስለ ሐዘኑ ማሊያ አንድ ቃል ይበሉን።"

ወልዴ በውሸት ያገቡት ጎል አይጣፍጥም ይል ነበር።

"የሐዘን ማሊያ አይደለም" አልኩ። ድምፄ በስፒከር ቀራንዮን አዳረሰ። "ቀሚሴን ያቀለምኩበት ሳፋ ውስጥ ተሳስቼ ዘፍዝፌው ነው። በረኪናም ጨምሬበታለሁ። ባለሱቁ ግን አይለቅም ብሎ ነበር የሸጠልኝ!"



መጀመሪያ የሳቀው ቢኒ ነው። "ኮች ይህን ቢያይ እርስዎንም ሜዳውን ያስዞርዎት ነበር!" አለኝ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሳቄ መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፣ ማቆምም አቃተኝ። ልጆቹ መጥተው ከበው ያዙኝ፣ በዚያ በጠቆረ እጃቸው። ጥቁር ስለለበስኩ እድፋቸው አልታየብኝም።

ጨዋታው ቀጠለና ተሸነፍን። ሁለት ለአንድ። በውድድሩም ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣን።

ልጆቹ ማሊያቸውን እያወለቁ ቦርሳው ውስጥ ከተቱ። ዩኒት ሊደሩ አንዱን አንስተው አገላበጡና "እንዲህ ሆኖማ ስቶር አይገባም፣ ሌላውንም ንብረት ያበላሻል" አሉ።

ናትናኤል ዚፑን ዘጋ። ቦርሳውን አንስቶ ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ።

"እስኪነጣ እርስዎ ጋ ይቆያል፣ ማዘር። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣን ውሃ እንቀዳለን።"

"ክረምት እኮ ነው የሚመጣው፣ ጨዋታም የለ" አልኩት።

"ጨዋታ ከሌለ እድፍ የለም ያለው ማነው?" አለኝ።

አሁን ቤቴ ነኝ። ቦርሳውን ከፈትኩት። ከጥቁሩ በላይ ቀይ አፈር አለ፣ ጀርባ ጀርባው ላይ። ለካ ያቺን አንዷን ጎል ሲያገቡ ተንከባለውባታል። እኔ ዓይኔን እያበስኩ አላየኋቸውም።

እና ጥያቄዬ ይኸው። ጥቁር ቀለም ከነጭ ማሊያ የሚያስለቅቅ ነገር የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። በአንድ እጥበት የሚያስለቅቅ ከሆነ ግን፣ በእናታችሁ፣ ለራሳችሁ ያዙት።

ቀስ ብሎ የሚያስለቅቅ የሚያውቅ አለ?